ባህር ያላየው አድሚራል

አለምሰገድ ቤተክርስቲያን ሲመጣ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚቆመው እበሩ አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር ነበር። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው፣ ከጫማ ጋር ይቆማል» ይሉለት ነበር። ምን ትሕትና! ፊት ከቆመ ዶክተር ዳኛቸው ያየዋል። ዶክተር ካየው ደግሞ አንዱ ከጎን «አድሚራል ዛሬ መልሕቁን ጥሏል» ይላል፤ ከዚያ ሳቅ ነው። በቅዳሴ መካከል የሚሳቅ ሳቅ ታፍኖ ስለሚወጣ ከሌላው ሳቅ ይብሳል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፤ አለምሰገድ አባታችን ሆይ ሲደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ሲደርስ አፉን ይዘጋል። ሕዝቡ ሲያልፈው ይቀጥላል።

ስሙ የወጣለት እዚሁ አውሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለ አንድ የኪራይ አዳራሽ ነው። ኮሚኒቲው የታሪክ ምሽት አዘጋጅቶ ዶክተር ዳኛቸው ስለ አክሱም መርከቦች ተናገረ። ዶክተር ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ሴንቴኒያል በሚባለው የሀብታም ሰፈር ትልቅ ቤት ያለው፣ በሰርግም በለቅሶም መጀመሪያ ማይክ የሚሰጠው ሰው ነው። አለምሰገድ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ የሸትል ሾፌር ነው። ግን በዚያ ሰሞን አለምሰገድ አንድ ነገር ያውቅ ነበር። አንድ ብቻ፤ ደህና አድርጎ።

ያስተማረው ሰልቫም ነው። ሰልቫም ከቶርንተን እየመጣ አብሮት የሚነዳ የደቡብ ህንድ ሰው ነው። በረዶ ጥሎ በረራ ሲዘገይ ሁለቱ አንዱ ሸትል ውስጥ ሂተር ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ሰልቫምም ስለ ሀገሩ ነገሥታት ያወራል። ከሺህ ዓመት በፊት ቾላ የሚባል መንግሥት ነበር። ራጄንድራ የሚባለው ንጉሥ መርከቦቹን በውቅያኖስ ላይ ሰደደ፤ ማዶ ያለውን የሽሪቪጃያን ንጉሥ ከነዝሆኖቹ አስማረከ፤ በዕንቁ ያጌጠውን የጦር በር አስነቅሎ ወሰደ። አለምሰገድ በሩ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያስቆመዋል።

«በሩን? በሩን ነቅሎ?»

«በሩን።»

«አይ ወንድ!»

ይኼንን ይዞ ነው በዚያ ምሽት እጁን ያወጣው። ሱፍ ለብሶ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁን ፋናን ከጎኑ አስቀምጦ። «ዶክተር፣ እኛም መርከብ ነበረን አሉን፤ ጥሩ። የቾላ መርከቦች ግን ውቅያኖስ ተሻግረው የሰው ንጉሥ ማርከዋል። የኛዎቹ ለምን እንዲያ አልገፉም?»

ዶክተር ቾላን አያውቅም ነበር። አለምሰገድ ይኼንን ከዓይኑ አይቷል፤ እስኪሞት ይምልበታል። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ «ወንድሜ፣ አንተ ለመሆኑ ባህር አይተህ ታውቃለህ?» አለ።

«አላየሁም።»

«እንግዲህ ዛሬ ባህር ያላየ አድሚራል አገኘን! ግዴለህም፣ የህንድ ፊልሙን ቀነስ አድርገው።»

ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። አንዷ ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ፋና ጃኬቷን አንስታ፣ መሬት መሬት እያየች «ዳዲ፣ ካን ዊ ጎ?» አለችው። አለምሰገድ ሳቁን ሊረሳው ይችል ነበር ይሆናል። ያቺን «ካን ዊ ጎ» ግን አልረሳትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም ያዘ። ደብተር ገዛ። ሰልቫም የሚነግረውን፣ ከስልኩ የሚሰማውን፣ የወደቦቹን ስም፣ የነገሥታቱን ስም ሁሉ ጻፈ። ለፋና ማታ ማታ አነበበላት፤ ወደደችም ጠላችም ሰማች። ምን ሊያደርግበት? አላወቀውም ነበር። ዝም ብሎ ቢላውን ይስል ነበር።

ሰባት ዓመት አለፈ። ፋና ነርስ ሆነች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር አባቷ ፊት ቆመች።

«ዳዲ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው።»

«ማነው የሚልከው?»

ፋና እናቷን አየች። ጌጥነሽ ምጣድ ላይ እንደ ተጣደች ሁሉ ተቁነጠነጠች፤ ቀድማ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ልዑል» አለች ፋና። «የዶክተር ዳኛቸው ልጅ።»

አለምሰገድ ተነስቶ ጋራዥ ገባና በሩን ዘጋ። ጌጥነሽ ደም ሊፈላበት ነው ብላ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ሰውየው እየሳቀ ነበር። ብቻውን፣ በጨለማ፣ ከውሃ ካርቶኖችና ከበረዶ አካፋው መካከል ቆሞ ይስቃል። ሰባት ዓመት የፈለገው ጠላት በገዛ እግሩ ደጁ ሊመጣ!

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ጋሽ ሀይለማርያም ነበሩ፤ የአውሮራ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሪህ ያለባቸው አዛውንት። እንደ ደንቡ ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እስኪመለስለት አይቀመጥም። የሴት አባት ቶሎ «ተቀመጡ፣ ተቀምጠን እንነጋገር» ይላል፤ ጨዋነቱ እዚያ ላይ ነው የሚለካው። አለምሰገድ ግን ሶፋው ላይ ተደላደለ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋሽ ሀይለማርያም ክብደታቸውን ከቀኝ እግር ወደ ግራ አዛወሩ።

«አለምሰገድ ልጄ፣ ወንበሩ ቀለም ተቀብቶ ነው እንዴ?»

«ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን አይደለም የማቆመው። የላከዎትን ነው። አባትየው ራሱ ይምጣና ይቁም።»

«አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም። ደንባችን አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔም ከደንቡ ውጭ ወርቅ አልጠይቅም፣ ካባ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው። የቾላን መርከቦች ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጥንቶ ይምጣ፤ እዚህ፣ እናንተ ፊት፣ ቆሞ ይንገረኝ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ ሦስተኛው ዘንበል አሉ። «የምን መርከብ ነው የሚለው?»

«የሰመጠ መርከብ ይሆናላ።»

«ዶክተር ያውቀዋል» አለ አለምሰገድ። «ንገሩት ብቻ። ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።»

በዚያች ምሽት ቤቱ ታመሰ። ጌጥነሽ «አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ልጅህ ላይ ነው መርከብ የምታዘምተው?» አለችው። ፋና ግን አልጮኸችም። ጩኸቱ ይሻለው ነበር።

«ዳዲ፣ ሊሰን። አባቱ እምቢ ካለ እኔና ልዑል ፍርድ ቤት ሄደን እንፈርማለን። ያኔ ሽማግሌ የለም፣ ሰርግ የለም። አንተም የለህም። አይ ሚን ኢት።»

«ይመጣል» አለ አለምሰገድ። ባይመጣ ሁለቱንም እንደሚያጣ፣ ልጁንም ቂሙንም፣ ያውቃል። ቢሆንም ቃሉን አላነሳም።

በማግስቱ ለሰልቫም ሲነግረው ሰልቫም ስቆ ስቆ ሲያበቃ አንድ ነገር አለው። «ወዳጄ፣ ያ ሰው አስተማሪ ነው አላልከኝም? ካጠናው እኮ ካንተም ከኔም የበለጠ ያውቀዋል።» አለምሰገድ የሸትሉን መስታወት በእጅጌው ጠረገ። እንዲህ ያለው ነገር አልታሰበውም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር። የሴንቴኒያሉ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ከቤቱ ፊት ፓርክ አደረገ። ዶክተር ዳኛቸው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ገባ። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ጫማውን እበሩ ላይ አውልቋል። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። አለምሰገድ ቀዳዳዋን አየ፤ ደስ አለው።

ፋና እንደ ወጉ ፎቅ ላይ ናት። ደረጃው ጫፍ ላይ ግን እግሯ ይታያል።

«እንግዲህ ዶክተር፣ ይቀጥሉ» አለ አለምሰገድ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ። እንደ ፈታኝ እርሳስ ይዟል።

ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ቾላዎች ካቬሪ በሚባል ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሩዝ አራሾች ነበሩ» ሲል ጀመረ። ከዚያ የራጄንድራ አባት ራጃራጃ ወደ ስሪ ላንካ እንዴት እንደ ተሻገረ፣ የማልዲቭን ደሴቶች እንዴት እንደ ያዘ ነገራቸው። «የባህሩ ንግድ እንደ መርካቶ ነው» አለ። «ከዓረብ እስከ ቻይና ዕቃ ይመላለሳል፤ መሐል ላይ ግን ጠባብ መተላለፊያ አለ። ያችን ጠባብ በር የያዙት ሽሪቪጃያዎች ናቸው። ያለ እነሱ ፈቃድ ቁንዶ በርበሬም ሐርም አያልፍም።»

«እንደ ጉምሩክ በለኛ!» አሉ ጋሽ ሀይለማርያም። ሪሃቸውን ረስተዋል።

«እንደ ጉምሩክ። ራጄንድራ ነፋስ ጠበቀ። በዚያ አገር ነፋሱ በወቅት ነው፤ ስድስት ወር ይወስዳል፣ ስድስት ወር ይመልሳል። መርከበኛ ነፋሱን ካልጠበቀ ሞተ። ነፋሱ ሲዞር ሸራውን ዘረጋ። ሽሪቪጃያዎች ጠላት በጠባቡ መንገድ በኩል ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነበር ይሆናል፤ ቾላዎቹ ግን እዚህም እዚያም፣ ወደቡን ሁሉ መቱት።»

ዶክተር እጁን ሲያወናጭፍ ሳሎኑ ውስጥ ሸራ የተዘረጋ ይመስል ነበር። አለምሰገድ አላስችል አለው። «ወደቦቹን ይጥሩ» አለ። ዶክተር ጠራ፦ ካዳራም፣ ፓናይ፣ ማላዩር፣ ታኮላም፣ ናካቫራም... አለምሰገድ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ምልክት ሊያደርግ ሞከረ፤ ዶክተር ደብተሩ ውስጥ የሌሉትን ሁሉ ጨመረ። «ይኼ ሁሉ የተገኘው ታንጃቩር ከሚባል ከተማ መቅደስ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነው» አለ። «ደግሞ የሚገርማችሁ፣ የተመቱት ሰዎች ቀድሞ ወዳጅ ነበሩ። የሽሪቪጃያ ንጉሥ በቾላ ጠረፍ ላይ የቡድሃ ገዳም አሠርቶ ነበር፤ የራጄንድራ አባትም ለገዳሙ መንደር ሰጥቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የወዳጁ ልጅ መርከብ ላከበት። ምን እንዳጣላቸው እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም።»

ይኼንን አለምሰገድ አያውቅም ነበር። ሰልቫምም አልነገረው።

«አቤት ዕውቀት!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘህ እስከ ዛሬ ደብቀኸን!» አሉ ጋሽ ሀይለማርያም። «ለፋሲካ አዳራሽ ተከራይተን ትነግረናለህ።»

ደብቀኸን! አለምሰገድ ጆሮው ጋለ። ሰባት ዓመት በጉያው ያሳደገውን ነገር ሰውየው በሁለት ሳምንት አንስቶ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ራጄንድራ እንኳ እንዲህ አልዘመተም። ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ቢጨመርላቸው ሊያጨበጭቡ ነው። እርሳሱን በጣቶቹ መሐል ሰበረው።

«አንድ ዘለሉ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሶፋው ዞሩ።

«ምን ዘለልኩ?»

«ውሃውን።»

ዶክተር ወደ ደብተሩ አየ፣ ወደ አለምሰገድ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተቀየረ። «እሱ የባህር ታሪክ አይደለም ብዬ ነው።»

«ይንገሩን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው ያልኩት።»

«ከመርከቦቹ በፊት ነው» አለ ዶክተር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጦሩ ወደ ሰሜን ዘምቶ ጋንጀስ ወንዝ ደረሰ። በመንገዱ ያሉትን ነገሥታት ድል አደረገ። ንጉሡ የወንዙን ቅዱስ ውሃ ወደ ደቡብ አስመጥቶ ባስቆፈረው ትልቅ ሐይቅ ውስጥ አስጨመረው።»

«ማን ተሸክሞት መጣ?»

ዶክተር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ማን ተሸክሞት መጣ፣ ዶክተር?»

«ድል የተደረጉት ነገሥታት።»

«በምናቸው?»

«በራሳቸው።»

አለምሰገድ ደብተሩን ዘጋው። «ጋሽ ሀይለማርያም ጉሮሯቸው ደርቋል። ጋራዥ ውስጥ፣ ከአካፋው አጠገብ፣ የታሸገ ውሃ አንድ ካርቶን አለ። ሃያ አራት ፍሬ ነው። ዶክተር ያምጡልን።»

«ኧረ እኛ እናመጣለን» ብለው ሦስተኛው ሽማግሌ ሊራመዱ ሲሉ አለምሰገድ እጁን አነሳ። «ዶክተር ናቸው የሚያመጡት።»

ጌጥነሽ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ባሏን አየችና ተመለሰች። ዶክተር ዳኛቸው በሩን አየ። ቢወጣ በሩ ቅርብ ነው፤ ጫማው እዚያው ነው። አለምሰገድም በሩን በሩን ያይ ነበር፤ ሰውየው ከወጣ ፋናም አብራ ትወጣለች። ዶክተር ወደ ጋራዡ ታጠፈ።

ሲመለስ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር። እደጃፉ ላይ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አለምሰገድ ወደ ሰውየው ራስ ብቻ ቀና ብሎ አየ፣ ሽበት ወዳለበት ቦታ። ያኔ ዶክተር ዳኛቸው ካርቶኑን በሁለት እጁ ከፍ አደረገና ራሱ ላይ አስቀመጠው። በተቀደደ ካልሲው ምንጣፉን አቋርጦ መጣ።

ሽማግሌዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። «ዶክተር፣ ጡረታ ስትወጣ አውቶቡስ ተራ ሥራ አለልህ!» አሉ ሁለተኛው። ሁለት መቶ ሰው ባይሆንም ሳቅ ነው። አለምሰገድ ሳቁን ጠጣው።

የማይስቁ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ይታወቃሉ። ሦስተኛዋ ወግ አፍርሳ፣ በባዶ እግሯ ከደረጃው እየወረደች ነበር። ያቺ ልጅ የውሃውን ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሰባት ዓመት ተነቦላታል። ካርቶኑን ከዶክተር ራስ ላይ አወረደች። «ይቅርታ አባባ» አለችው፣ ለዶክተር። ከዚያ አባቷ እግር ሥር ዷ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይኸው። ዩ ዎን። ጠጣ።»

ወደ ላይ ወጣች።

አለምሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተቀመጡ» አለ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።» ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ተመረቀ፣ ጌጥነሽ እልል አለች፤ እልልታዋ መሐል ላይ ተሰበረች።

ሊሄዱ ሲሉ አለምሰገድ ሽማግሌዎቹን እስከ መኪና ሸኘ። ዶክተር የመኪናውን በር ከፍቶ ወደ ኋላ ቀረት አለ። በረዶው ሽበቱ ላይ ያርፋል።

«አቶ አለምሰገድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መርከቡን ያስጠኑኝ በሙያዎ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ውሃው ግን... እኔ ምን አድርጌዎት ነው?»

«በየትኛው ሙያዬ?»

«ባህር ኃይል ነበሩ አይደል? ምጽዋ? ሰው ሁሉ አድሚራል ሲልዎት እሰማለሁ።»

አለምሰገድ በረዶው ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ሰውየው አያስታውስም። ሰባት ዓመት ጫማ መደርደሪያ ሥር ያቆመው ሰው፣ ስሙን ያወጣው ሰው፣ ስሙን ከሌላ ሰምቶ አምኗል። የወጋ ቢረሳ የሚባለው ለካ እንዲህ ድረስ ነው! ውሃውን ራሱ ላይ ሲጭነው ለምን እንደሚሸከም አያውቅም ነበር። የልጁን ሚስት ብቻ እያሰበ ነው የተሸከመው።

«ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ» አለ አለምሰገድ። አንቱታው በረዶው ላይ ወድቆ ቀረ። ከዚያ ሁሉንም ነገረው። አዳራሹን፣ ሱፉን፣ መነጽሩ እንዴት እንደ ተጠረገ፣ የሳቀችውን ሴትዮ ነጠላ፣ ጃኬቷን ያነሳችውን ልጅ። ጋሽ ሀይለማርያም ከመኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ መስታወት አንኳኩ። አለምሰገድ አላቋረጠም።

ዶክተር ሰምቶ ሲያበቃ «ምሽቱን አስታውሳለሁ» አለ። «አንተን ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላስታውስም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ይቅርታ ጠይቀኝ አላልኩህም። ከዛሬ በኋላ ታስታውሰኛለህ። ውሃ በጠጣህ ቁጥር ታስታውሰኛለህ።»

ዶክተር ሳያውቀው እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ካርቶኑ ያረፈበትን ቦታ ዳበሰ። «አስታውሳለሁ» አለ፤ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሰርጉ በበጋው ሆነ፤ ሙሽሮቹ ሴንቴኒያል፣ ከዶክተር ቤት አምስት ደቂቃ የሚርቅ አፓርታማ ተከራዩ። አለምሰገድ አሁን ቤተክርስቲያን ሲገባ ፊት ይቆማል፤ መጀመሪያ ረድፍ፣ መሐል ላይ። አንዱ ከጎን «አድሚራል» ሲለው ዞር ብሎ «አቤት» ይላል። ዶክተር ዳኛቸው ግን ቦታ ቀይሯል። እበሩ አጠገብ ይቆማል፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር። ሰው ስለ ትሕትናው ያወራል።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው አልቆ ጸበል ሲታደል ፋና በፕላስቲክ ኩባያ ቀዳች። አለምሰገድ ኩባያውን አይቶ እጁን ካጣመረበት ፈታ። ፋና በአጠገቡ አለፈች። የቆመውን ሕዝብ ሰንጥቃ ወደ በሩ፣ ወደ ጫማዎቹ ሄደችና ለአማቷ በሁለት እጇ ሰጠች። ዶክተር ተቀብሎ ከመጠጣቱ በፊት በሕዝቡ ራስ በላይ አሻግሮ ወደ ፊት ተመለከተ፤ አለምሰገድን አገኘው።

አስታውሷል። አለምሰገድ ፊቱን ወደ መቅደሱ መለሰ። ጉሮሮው ደርቆ ነበር፤ ከቦታው ግን አልተነቃነቀም።